አውሮፕላኑ የማንን ቃል ያምናል?

ፌደራል ዌይ የሚኖር ሰው አውሮፕላን ለማየት ርቆ መሄድ አያስፈልገውም። ከደቡብ በኩል ወደ ሲታክ አየር ማረፊያ የሚገቡት ዝቅ ብለው በሰፈራችን ላይ ያልፋሉ። መንገዱ ካልተጨናነቀ ደግሞ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሬንተን ይደረሳል፤ የቦይንግ 737 አውሮፕላኖች የሚገጣጠሙት እዚያ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላንም ከዚሁ ፋብሪካ ወጥቶ አዲስ አበባ ከገባ ገና አራት ወሩ ነበር።

በዚያ ሰሞን ለልቅሶ በተሰበሰብንበት ቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጎረቤታችን ወደ እኔ ዞር ብለው «ልጄ፣ አንተ ኮምፒውተር ነው የተማርከው። አውሮፕላኑን ከሩቅ ሆኖ በኮምፒውተር የጠለፈው ሰው ይኖር ይሆን?» አሉኝ። «አይመስለኝም ጋሼ» አልኳቸው። ከዚያ በላይ የምለው አልነበረኝም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እህታቸውን ለመጠየቅ አዲስ አበባ ሊሄዱ ቲኬት ቆርጠው፣ ስልካቸውን አቀበሉኝና «እስኪ እየው፣ ይኼ ያ ማክስ የሚሉት ነው? አሁንስ መጥለፍ ይችላሉ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ያንን ጥያቄ በደንብ ለመመለስ ነው። አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ የበረራ 302 አውሮፕላንን ማንም አልጠለፈውም። ግን ጠላፊ ባይኖርም፣ ጠላፊ የሚፈልገው ድክመት ውስጡ ነበረ። ኮምፒውተሩ የመጣለትን መረጃ ሳያጣራ አመነ። የኮክፒት ሳይበር ደህንነትን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ኮክፒት ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች

ዘመናዊ አውሮፕላን አንድ ትልቅ ኮምፒውተር የሚነዳው አይደለም። ብዙ ኮምፒውተሮች የተያያዙበት ኔትወርክ ነው። ሥራቸውን በአራት ደረጃ ከፍለን ማየት እንችላለን።

የመጀመሪያዎቹ ሴንሰሮች ናቸው። የአየር ግፊትን፣ ሙቀትን፣ የክንፉን ማዕዘን፣ የአውሮፕላኑን መዘንበልና መዞር ይለካሉ። ሁለተኛዎቹ ከሴንሰሮቹ የመጣውን ጥሬ ቁጥር ወደ ፍጥነት፣ ከፍታና አቅጣጫ የሚቀይሩ የመረጃ ኮምፒውተሮች ናቸው። ሦስተኛው ደረጃ ላይ የበረራ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮች አሉ፤ አውቶፓይለት የሚሠራው በእነሱ ነው። ከጎናቸው የበረራ መስመሩን የሚያውቀውና ነዳጁንና ሰዓቱን የሚያሰላው ኮምፒውተር አለ። አራተኛው አብራሪዎቹ የሚያዩዋቸው ስክሪኖች ናቸው።

አውሮፕላኖች የሚለያዩት ኮምፒውተሩ ባለው ሥልጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 አገልግሎት የጀመረው ኤርባስ ኤ320 «ፍላይ ባይ ዋየር» የሚባለውን አሠራር በዲጂታል መልኩ ለመንገደኛ አውሮፕላን አመጣ። አብራሪው መሪውን ሲያንቀሳቅስ ትእዛዙ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ተቀይሮ ወደ ኮምፒውተር ይሄዳል፤ ክንፉንና ጭራውን የሚያንቀሳቅሰው ኮምፒውተሩ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 የተረከበው 787 ድሪምላይነርም ሆነ በ2016 ያስገባው ኤርባስ ኤ350 እንዲህ ነው የሚሠሩት። 737 ግን መሠረቱ የ1960ዎቹ ንድፍ ነው። ማክስ የሚባለው አዲሱ ትውልድ እንኳ ዋና ዋናዎቹን መቆጣጠሪያዎች የሚያዝዘው በአብዛኛው በብረት ገመድና በሃይድሮሊክ ነው። ስለዚህ «ኮምፒውተር የበዛበት አውሮፕላን ስለሆነ ወደቀ» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። የወደቀው ኮምፒውተር የበዛበት አውሮፕላን አልነበረም፤ በአሮጌ ንድፍ ላይ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም የተጨመረችበት ነበር።

ከተሳፋሪ ወንበር ወደ ኮክፒት መግባት ይቻላል?

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ከፊቴ ያለው ስክሪን ፊልም ያሳየኛል፣ አውሮፕላኑ የት እንደደረሰ በካርታ ይነግረኛል፣ ዋይፋይም አለ። ታዲያ በዚያ በኩል ወደ ፊት መሻገር አይቻልም?

ንድፍ አውጪዎች የአውሮፕላኑን ኔትወርክ በሦስት ግቢ ይከፍሉታል። ውስጠኛው ግቢ አውሮፕላኑን የሚቆጣጠሩት ኮምፒውተሮች ያሉበት ነው። መካከለኛው የአየር መንገዱ የሥራ መረጃ የሚንቀሳቀስበት ነው፤ የጥገና መዝገብና የበረራ ሠራተኞች ሰነዶች እዚያ ይገኛሉ። የውጭኛው የተሳፋሪው መዝናኛና ዋይፋይ ነው።

በቆዩ አውሮፕላኖች በግቢዎቹ መካከል ያለው አጥር ፊዚካላዊ ነው ማለት ይቻላል። አሪንክ 429 የሚባለው የመረጃ መስመር አንድ ላኪ ብቻ ነው ያለው፤ በሽቦው ሌላኛው ጫፍ ያሉት መስማት እንጂ መናገር አይችሉም። አንዱ ክፍል እንዲመልስ ከተፈለገ ሌላ ሽቦ መዘርጋት አለበት። በእንዲህ ዓይነት መስመር የመዝናኛው ካርታ አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ ይሰማል፤ በዚያው ሽቦ ግን ምንም ነገር ወደ ኋላ መላክ አይችልም። ፕሮግራም ሰብሮ የሚገባ ጠላፊ፣ የሌለ ሽቦን ሰብሮ መግባት አይችልም።

787 ሲመጣ ነገሩ ተቀየረ። የእሱ ኔትወርክ ከቢሮና ከቤት ኔትወርክ ጋር በሚቀራረብ በኤተርኔት ላይ በተመሠረተ ቴክኖሎጂ የተሠራ ነው። ፈጣንና ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቀድሞ ሽቦው ይጠብቀው የነበረውን ድንበር አሁን በከፊል ሶፍትዌር መጠበቅ ነበረበት። ለዚህ ነው የአሜሪካ ፌደራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ ኤፍኤኤ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ለ787 ልዩ ቅድመ ሁኔታ ያወጣው፦ ከተሳፋሪው ክፍል ተነስቶ ወደ መቆጣጠሪያው ኔትወርክ መድረስ እንደማይቻል አምራቹ ማረጋገጥ ነበረበት። በኋላም ዲኦ-326ኤ የሚባለው የአውሮፕላን ሳይበር ደህንነት ሥነ ሥርዓት ወጣ። አዲስ ሶፍትዌር በ787 ላይ ሲጫንም ዲጂታል ፊርማው ይረጋገጣል።

ይህ ማለት ጥያቄው ተዘግቷል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ሲያትል የሆነው አይኦአክቲቭ የተባለ የደህንነት ኩባንያ ተመራማሪ ላስ ቬጋስ በተካሄደው የብላክ ሃት ጉባኤ ላይ በ787 መካከለኛ ግቢ ውስጥ ባለ ሶፍትዌር ላይ ያገኛቸውን ክፍተቶች አቀረበ። ቦይንግ በበኩሉ በእነዚያ ክፍተቶች በኩል ወደ በረራ መቆጣጠሪያው መድረስ አይቻልም፣ ሌሎች መከላከያዎች ያግዱታል ሲል መለሰ። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፣ እስካሁን ጠላፊ በኮምፒውተር በኩል ገብቶ የጣለው የመንገደኛ አውሮፕላን የለም። አጥሩ ላይ ብዙ ተሠርቷል። አጥር ግን ከውጭ የሚመጣውን ነው የሚከለክለው፤ ግቢው ውስጥ ያለ የታመነ መሣሪያ ሲሳሳት አጥር አያድንም።

ጠላፊ ያልነበረበት አደጋ

737 ማክስ ከቀደሙት 737ዎች የሚበልጡ ሞተሮች ተገጠሙለት፤ ሞተሮቹም ከቀድሞው ወደፊትና ከፍ ብለው ተቀመጡ። በዚህ ምክንያት አፍንጫው በጣም ቀና ሲል ይበልጥ ወደ ላይ የመቅናት ዝንባሌ አመጣ። ይህን ለማስተካከል ቦይንግ ኤምካስ የሚባል ፕሮግራም ጨመረ። አውቶፓይለት ሲጠፋ፣ ፍላፕ ሲታጠፍና አፍንጫው ከልክ በላይ ሲቀና፣ ኤምካስ የጭራውን አግድም ክንፍ አንቀሳቅሶ አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋል።

አፍንጫው ከልክ በላይ መቅናቱን የሚያውቀው በአንግል ኦፍ አታክ ሴንሰር ነው። ይህ ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚለካ፣ በአፍንጫው ግራና ቀኝ የተተከለ፣ ነፋስ እንደሚያዞረው ጠቋሚ ያለ ትንሽ መሣሪያ ነው። ማዕዘኑ ከልክ ሲያልፍ አየሩ ከክንፉ ላይ ይላቀቅና ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ያቅተዋል። ማክስ ሁለት እንዲህ ዓይነት ሴንሰሮች አሉት። ኤምካስ ግን በአንድ በረራ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር።

አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። ማክስ ሁለት ዓይን እያለው በአንዱ ብቻ እንዲያይ ተደረገ።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 2018 የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር በረራ 610 ጃቫ ባሕር ላይ ወደቀ፤ 189 ሰዎች ሞቱ። በአውሮፕላኑ ላይ የተገጠመው ሴንሰር በ21 ዲግሪ ያህል የተዛባ ነበር። ከዚያ በፊት ኤምካስ የሚባል ነገር መኖሩ በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተገለጸም ነበር። ከአደጋው በኋላ ቦይንግ የጭራው ክንፍ በራሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ኤሌክትሪኩን ስለማቋረጥ የሚያስታውስ ማሳሰቢያ ለአየር መንገዶች ላከ። አውሮፕላኑ ግን መብረሩን ቀጠለ።

ከአራት ወር ከግማሽ ገደማ በኋላ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ፣ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳት አብራሪ አህመድኑር መሐመድ 149 መንገደኞችንና 6 የሥራ ባልደረቦቻቸውን ይዘው ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሡ። አውሮፕላኑ መሬት እንደለቀቀ የግራው ሴንሰር ቁጥር ዘልሎ 74.5 ዲግሪ ደረሰ። በዚያው ቅጽበት የቀኙ 15.3 ዲግሪ ነበር የሚለው። የካፒቴኑ መሪ «ክንፉ ሊከዳህ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያውን በመንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እስከ መጨረሻው አላቆመም። ፍላፑ ታጥፎ አውቶፓይለቱ ሲጠፋ ኤምካስ ነቃና ለ9 ሴኮንድ ያህል አፍንጫውን ወደ ታች ገፋ። አብራሪዎቹ መለሱት። ኤምካስ እንደገና ገፋ። ረዳት አብራሪው የጭራውን ኤሌክትሪክ እንዲያቋርጡ ሐሳብ አቀረበ፤ ካፒቴኑ ተስማማ፤ አቋረጡት። ማሳሰቢያው ያለው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ጭራው ቀድሞ ወደ ታች ተዛብቷል፤ ፍጥነቱም በጣም ጨምሯል፤ የአየሩ ጫና በዝቶ የእጅ መዘውሩ አልዞር አለ። ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ኤምካስ ለመጨረሻ ጊዜ ገፋ። ከተነሡ ስድስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። 157 ሰዎች፣ ከ35 አገሮች።

በዚያን ሰሞን «የአፍሪካ አብራሪዎች ስለሆኑ ነው» የሚል ወሬ እዚህ አገር ብዙ ሰምተናል። ሙያዊ ክርክሩ እስከ መጨረሻው ሪፖርት ዘልቋል። የኢትዮጵያ መርማሪዎች ሴንሰሩ የተበላሸው ከአውሮፕላኑ የኤሌክትሪክ ችግር ነው ሲሉ፣ አሜሪካውያን ወፍ ሳይመታው አልቀረም ይላሉ፤ እነሱና ፈረንሳዮች የአብራሪዎቹ አፈጻጸም ይበልጥ መታየት ነበረበት የሚል አስተያየትም አቅርበዋል። ለእኛ ለሶፍትዌር ሰዎች ግን ከዚህ በላይ የሚመዝን ጥያቄ አለ። ወፍም ይሁን ሽቦ፣ የአንዲት ትንሽ መሣሪያ መበላሸት ለምን 157 ሰው እስከ መግደል ደረሰ?

ኮዱ የታዘዘውን ነበር የሠራው

ብዙ ሰው ኤምካስ ውስጥ «ባግ» ነበረ ብሎ ያስባል። ኤምካስ ግን የተጻፈለትን ነው የሠራው። በአማርኛ እንጻፈው ብንል እንዲህ ነበር፦

የአንዱን ሴንሰር ማዕዘን አንብብ።
ማዕዘኑ ከገደቡ ካለፈ፣ አፍንጫውን ወደ ታች ግፋ።
አብራሪው ከመለሰው፣ 5 ሴኮንድ ጠብቅና እንደገና ጀምር።

ችግሩ በሦስቱም መስመሮች ውስጥ አለ። የመጀመሪያው አንድ ምስክር ብቻ ሰምቶ ይፈርዳል። ሁለተኛው ቁጥሩ ሊሆን የሚችል መሆኑን አይጠይቅም፤ ገና መሬት የለቀቀ የመንገደኛ አውሮፕላን በ74 ዲግሪ ማዕዘን ሊበር አይችልም። ሦስተኛው ደግሞ አብራሪው ደጋግሞ «አይሆንም» ማለቱን እንደ መረጃ አይቆጥረውም፤ በየጊዜው ረስቶ እንደ አዲስ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ለማንኛውም ሶፍትዌር ቡድን ትምህርት የሚሆን ታሪክ አለ። ኤምካስ መጀመሪያ ሲታሰብ ሥልጣኑ ትንሽ ነበር፦ በአንድ ጊዜ ጭራውን ከ0.6 ዲግሪ በላይ አያንቀሳቅስም፣ ከማዕዘኑ ሴንሰር በተጨማሪም ሌላ መለኪያ ይመለከት ነበር። በሙከራ በረራ ጊዜ ግን በዝቅተኛ ፍጥነትም እንዲሠራ ተፈለገ። ገደቡ ወደ 2.5 ዲግሪ አደገ፣ ሁለተኛው መለኪያ ቀረ። የአደጋ ምዘናው ግን ከአዲሱ ሥልጣን ጋር እኩል አላደገም። ብልሽቱ አውሮፕላን ይጥላል ተብሎ ስላልተመደበ በአንድ ሴንሰር መሥራቱ ተፈቀደ፤ አብራሪዎች በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ተረድተው ያስተካክሉታል ተብሎ ታሰበ። ይህን ካጋለጡት መካከል የከተማችን ጋዜጣ ሲያትል ታይምስ ይገኝበታል፤ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2020 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። በጥር 2021 ደግሞ ቦይንግ ስለ ኤምካስ ኤፍኤኤን በማሳሳት ቀርቦበት የነበረውን የወንጀል ክስ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማምቶ ያኔ እንዲዘገይ አደረገ።

ማሻሻያው ከ20 ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ጸደቀ። እሱንም በአማርኛ እንጻፈው፦

የሁለቱንም ሴንሰሮች ማዕዘን አንብብ።
ልዩነታቸው ከ5.5 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ ሥራ አቁም፣ ለአብራሪው ንገር።
ሁለቱም ከገደቡ ካለፉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ግፋ።
አብራሪው መሪውን ስቦ ማሸነፍ ከማይችለው በላይ በጭራሽ አትግፋ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 2022 ማክስን መልሶ ማብረር ጀመረ። በሁለቱ ፕሮግራሞች መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት መስመር ነው። በመካከላቸው 346 ሰው አልቋል።

ምስክር ማብዛት ብቻውንም አይበቃም

«እንግዲያው ሦስት ሴንሰር አድርጎ በድምፅ ብልጫ መወሰን ነው» የሚል ይኖራል። ብዙ ኤርባሶች እንዲያ ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 5 ቀን 2014 ከቢልባዎ ወደ ሙኒክ ይበር የነበረ የሉፍታንዛ ኤ321 ላይ ከሦስቱ ሁለቱ የማዕዘን ሴንሰሮች በአንድ ዓይነት ማዕዘን ላይ በበረዶ ደረቁ። ሁለቱ ተስማሙ፣ ትክክለኛው ሦስተኛ ተሸነፈ። ኮምፒውተሩም በአብላጫው ውሸት አምኖ አፍንጫውን ወደ ታች ገፋ፤ አውሮፕላኑ ወደ 4,000 ጫማ ወረደ። አብራሪዎቹ የመረጃ ኮምፒውተር አጥፍተው ሥልጣኑን ከማሽኑ ወሰዱና በሰላም አረፉ።

የሁለቱ ታሪኮች ልዩነት ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ነው። ኤርባሱ ላይ ማሽኑን ዝም ማሰኘት ተቻለ፣ አውሮፕላኑም ያለ እሱ በረረ። ስለዚህ ጥሩ ንድፍ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ምስክሮቹ አንድ ላይ የማይሳሳቱ፣ የተለያየ ዘዴ ያላቸው መሆን አለባቸው። ሁሉም ሲሳሳቱ ደግሞ ሰው የሚወጣበት በር ክፍት መሆን አለበት።

የዛሬው ጥቃት በሬዲዮ ነው የሚመጣው

ጋሼ «አሁንስ መጥለፍ ይችላሉ?» ያሉኝ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ሰዓት በየቀኑ ማለት ይቻላል አውሮፕላኖችን የሚነካ እውነተኛ ጥቃት አለ። በአጥሩ በኩል አይደለም የሚመጣው፤ በጂፒኤስ አንቴና ነው።

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ይዞራሉ፤ ምልክታቸው እኛ ዘንድ ሲደርስ እጅግ ደካማ ነው። ለሲቪል የሚላከው ምልክት ደግሞ ፊርማ የለውም፤ የላከው ማን እንደሆነ ተቀባዩ ማረጋገጥ አይችልም። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ጥቃት ይቻላል። አንዱ ጃሚንግ ነው፤ የአጭር ሞገድ የአማርኛ ስርጭት በጩኸት ሲታፈን የሰማ ሰው ያውቀዋል፣ ምልክቱ ይጠፋል። ሁለተኛው ስፑፊንግ ነው፤ ይኼኛው ይከፋል። ጣቢያውን አያፍንም፣ በጣቢያው ድምፅ አስመስሎ ሌላ ዜና ያነባል። አውሮፕላኑ ያልሄደበት ቦታ እንዳለ ይነገረዋል፣ እሱም ያምናል።

እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ጀምሮ በኢራቅና በኢራን ሰማይ፣ ቀጥሎም በምሥራቅ ሜዲትራኒያን የመንገደኛ አውሮፕላኖች በስፑፊንግ ሲሳሳቱ ብዙ ሪፖርት ቀርቧል። ጥቃቱ የጦር ድሮንና ሚሳይል ለማሳሳት የታለመ ነው፤ መንገደኛው አውሮፕላን በመካከል ያገኘዋል። ከቦሌ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ቴል አቪቭ የሚሄድ በረራም በዚሁ ሰማይ ነው የሚያልፈው።

ጉዳቱ በካርታው ላይ ብቻ አይቆምም። የኮክፒቱ ሰዓት ከጂፒኤስ ጊዜ ስለሚወስድ ይዛባል። ተራራ ቀርቧል ብሎ የሚያስጠነቅቀው መሣሪያም ቦታውን ከጂፒኤስ ስለሚወስድ፣ አውሮፕላኑ ከፍ ብሎ እየበረረ ሳለ «ወደ ላይ ሳብ» ብሎ ሊጮህ ይችላል። አብራሪው ይህን የሐሰት ጩኸት ከለመደው፣ እውነተኛው በመጣ ጊዜስ? ሐሰተኛ መረጃ የሚያደርሰው ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፦ እውነተኛውን ምስክርም ያስጠረጥራል።

መከላከያው ደግሞ ከኤምካስ ማሻሻያ ጋር አንድ ነው፤ ማወዳደር። አውሮፕላኑ ከውጭ ምንም ሳይሰማ በጋይሮስኮፕና በፍጥነት ለውጥ መለኪያ ብቻ ቦታውን የሚያሰላ መሣሪያ አለው። ቀስ እያለ ይስታል እንጂ በሬዲዮ ሊታለል አይችልም። መሬት ላይ ያሉ የሬዲዮ ጣቢያዎችም አሉ። በጥሩ ንድፍ፣ ጂፒኤሱ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ መቶ ኪሎ ሜትር ዘልዬ ሄድኩ ሲል ሌሎቹ «ሐሰት ነው» ማለት አለባቸው። በአንዳንድ አውሮፕላኖች ላይ ግን ያ የውስጥ መሣሪያ በጂፒኤስ እየታረመ ስለሚሠራ አብሮ ይበከላል፤ የ302 ታሪክ በሌላ መልክ ማለት ነው። አብራሪዎች ወደዚያ ሰማይ ከመግባታቸው በፊት ጂፒኤሱን ከስሌቱ እንዲያወጡ የሚያዝዙ አሠራሮች የመጡት ለዚህ ነው። የአውሮፓው የጋሊሊዮ ሳተላይትም ለሲቪል ምልክቱ ዲጂታል ፊርማ መላክ ጀምሯል፤ አውሮፕላኖች ላይ እስኪደርስ ግን ጊዜ ይወስዳል።

ሲታክ ላይ ያየነው

ሠፈራችን ድረስ የመጣው የሳይበር ጥቃት ግን መሬት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 24 ቀን 2024 የሲታክ አየር ማረፊያን የሚያስተዳድረው የሲያትል ወደብ ሪሲዳ በተባለ ቡድን የራንሰምዌር ጥቃት ደረሰበት። የበረራ መረጃ ሰሌዳዎች ጠፉ፣ የሻንጣው ሥርዓትና ዋይፋዩ ተስተጓጎሉ፤ አንዳንድ አየር መንገዶች የሻንጣ ወረቀት በእጃቸው ጻፉ። ጠላፊዎቹ 100 ቢትኮይን ጠየቁ፤ ወደቡ አልከፍልም አለ። በኋላም ወደ 90 ሺህ ለሚሆኑ ሰዎች የግል መረጃችሁ ተወስዷል የሚል ደብዳቤ ላከ፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ የቀድሞና የአሁን ሠራተኞች ናቸው። ሲታክ የሚሠራ ሐበሻ ስንት እንደሆነ ለምናውቅ፣ ይህ የሩቅ ዜና አይደለም።

አውሮፕላኖቹ ግን መብረራቸውን ቀጠሉ። ግቢዎቹ ተለያይተው ስለተሠሩ፣ ሰሌዳው መጥፋቱ ኮክፒቱን አልነካውም።

ለእኛ ለፕሮግራመሮች

የአውሮፕላን ሶፍትዌር የሚጻፈው ዲኦ-178ሲ በሚባል ጥብቅ ሥነ ሥርዓት ነው፤ ብልሽቱ አውሮፕላን የሚጥል ኮድ እያንዳንዱ ውሳኔው ይፈተናል። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2015 ኤፍኤኤ፣ ለ248 ቀናት ሳይጠፋ የቆየ 787 የኤሌክትሪክ ኃይሉን በሙሉ ሊያጣ ስለሚችል ከዚያ በፊት ጠፍቶ እንዲበራ አዘዘ። ፕሮግራመር ቁጥሩን ሲያይ ይስቃል፣ ከዚያ ይደነግጣል፦ 32 ቢት ያለው ባለ ምልክት (signed) ቆጣሪ መቶኛ ሴኮንዶችን ሲቆጥር የሚሞላው በ248 ቀን ከግማሽ ነው።

እኛ ብዙዎቻችን የአውሮፕላን ኮድ አንጽፍም። የባንክ መተግበሪያ፣ የክሊኒክ መዝገብ፣ የአማርኛ ኪቦርድ እንሠራለን። ጥያቄዎቹ ግን አይለወጡም። ይህ ቁጥር ሊሆን የሚችል ነው? ከሌላ ምንጭ ጋር ማመሳከር እችላለሁ? ለዚህ ተግባር ሥልጣን ስጨምር አደጋውን እንደገና መዝኛለሁ? ተጠቃሚው ደጋግሞ «አይሆንም» ሲል ፕሮግራሜ ይሰማዋል? ሁሉም ነገር ሲበላሽ ሰው ማጥፊያውን ያገኘዋል?

ሽማግሌ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም። ፕሮግራምም እንዲሁ መሆን አለበት።

የጋሼን ቲኬት አየሁላቸው፤ ረጅሙ ጉዞ 787 ነው። «ማክስ አይደለም ጋሼ። ማክስም ቢሆን አሁን ሁለቱንም ዓይኑን ይጠቀማል» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ያኔም ሁለት ነበሩት አላልክም?» አሉኝ። አዎ፣ ያኔም ሁለት ነበሩት።